ከጨለለቂ ያልተሰማው ክላክስ

ምንትዋብ ያን እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮ ብቻ ሆና ዋለች። አክስቷ ወይዘሮ ሸዋጌጥ "ኧረ ሽንኩርቱ አረረ!" ቢሏት አልሰማችም። "ልብሽን ማን ወሰደው ልጄ?" ቢሏትም አልሰማችም። ልቧን ማን እንደ ወሰደው ከአባቷ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባት እንዲህ ያለውን ወሬ የሚሰማው ምንጊዜም በመጨረሻ ነው።

የወሰደው ተረፋ ነው። ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ያለ የኡኬ ገበሬ ልጅ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ብረት መቁረጥና መበየድ የተማረ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ለፋሲካም የማይለቅ ሰው። ያገናኛቸውም እንደ ሌላው ሰው ገበያ ወይም ሠርግ ቤት አይደለም። አንድ የሞተ መኪና ነው ያገናኛቸው።

መኪናው ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ፣ አገሬው ትሬንታ ኳትሮ የሚለው ከባድ የጭነት መኪና ነበር። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ቢያልፍም እሱ በምንትዋብ አባት በቀኛዝማች ዓምደሚካኤል ጓሮ፣ ዶሮ እየሰፈረበት፣ ዱባ እየተጠመጠመበት ተኝቶ ቀረ። ተረፋ አንድ ቀን መጣና ባርኔጣውን አውልቆ "ጌታዬ፣ ይህን ብረት ይሽጡልኝ" አላቸው።

"ምን ልታደርገው?"

"ተሳቢ የሚጎትት መኪና ላደርገው።"

ቀኛዝማች እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። "ውሰደው! ጓሮዬን ካጸዳህልኝማ እኔው ላመስግንህ" አሉት። እሱ ግን አልሳቀም። በሬ ጠምዶ ጎተተው፣ ከአጥሩ ማዶ ካለው ባዶ ቦታ አሳረፈው፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ሙሉ የመዶሻው ድምፅ ከቀኛዝማች ቤት አልጠፋም።

ምንትዋብ መጀመሪያ የጠላችው በዚሁ መዶሻ ነው። ራሷን አሟት ልትቆጣው አጥሩ ድረስ ብትሄድ የመኪናውን ሻንሲ ለሁለት ሲቆርጠው አገኘችው።

"ምነው፣ ደህናውን ብረት ትቆርጠዋለህ?"

"በጣም ረጅም ነው እሜቴ። ካላሳጠርኩት ኩርባ ላይ አይታጠፍም። ከእንግዲህ ሸክሙ የተሳቢው ነው፤ የዚህ ሥራ መጎተት ብቻ ነው።"

"ከኋላ ያለው ከብዶ የፊቱን ገደል ቢከተውስ?"

ተረፋ ቀና ብሎ አያት። ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም። "እሱን ብዬ ነው እንቅልፍ ያጣሁት" አላት። እሷም ያን ቀን እንቅልፍ አጣች፤ የራስ ምታቱ ግን ለቋት ነበር።

ሞተሩን ከተገለበጠ የመንገድ ሥራ መኪና አመጣ፤ ባሌስትራውን ከወታደር ካሚዮን፤ የተሳቢውን ወገብ ከፈረሰ ድልድይ። ከተማው "የተረፋ መኪና ዘመድ የሌለበት አገር የለም" እያለ አሾፈበት። ምንትዋብ ደግሞ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ፈትታ ለወንበሮቹ ልብስ ሰፋች። ስትለካቸው በሹፌሩና በረዳቱ ወንበር መካከል ጠበብ ያለች ሦስተኛ መቀመጫ አገኘች።

"ይቺ የማን ናት?" አለችው።

ተረፋ አንገቱን ደፍቶ መዶሻውን ይፈልግ ጀመር። መዶሻው እጁ ላይ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ከጊምቢ ሽማግሌ የመጣው። ላኪው ተክለጻድቅ የሚባል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አያቱም እንደ ምንትዋብ አያት ከሸዋ የመጣ፣ ጾሙን የሚጾም፣ ነገረኛም ሰካራምም ያልሆነ ሰው። ክፉ ቢሆን እምቢ ለማለት በቀለላት ነበር። ቀኛዝማች ልጃቸውን ጠርተው እንዲህ አሏት፤

"እናትሽ ስትሞት ያለ ፈቃድሽ እንዳልድርሽ አስምላኛለች። ለሰዎቹ እሑድ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። እሺም በይ እምቢ ለሸዋጌጥ ንገሪ። እምቢ ካልሽ ግን ምክንያት አምጪ። 'ዝም ብዬ' የሚባል ምክንያት እኔ ቤት የለም።"

ምክንያቷ ከአጥሩ ማዶ ግራሶ ተቀብቶ ቆሟል። ግን ያላለቀ መኪና ያለው፣ የገበሬ ልጅ፣ የእመቤታችንን ስም ጠርቶ የማይምል የሚሲዮን ሰው፤ ይህን ምክንያት ብላ በቀኛዝማች ፊት የምታቀርበው በምን አፏ ነው?

ተረፋ መኪናውን ጨርሶ ዓርብ ጠዋት ወደ ጊምቢ ሲወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ተነጋገሩ።

"ቡና ልጭን ነው" አላት። "ሙሉ ጭነት ይዤ የዴዴሳን ቁልቁለትና ዳገት አልፌ ከገባሁ ነጋዴዎቹ ሥራውን ለእኔ ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። ያኔ ሽማግሌ የምልክበት ፊት ይኖረኛል። እሑድ ጨለለቂ፣ ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ረጅም ክላክስ ሦስት ጊዜ እነፋለሁ። እሱን ስትሰሚ እምቢ በያቸው።"

"ካልሰማሁስ?"

"ካልሰማሽ ዴዴሳ በልቶኛል ማለት ነው፤ ወይ መኪናውን ወይ እኔን። የወደቀ ሰው አትጠብቂ። አንቺን የብረት ቁርጥራጭ ላይ አስቀምጬ አላደኸይሽም።"

"አንተ ትዕቢተኛ ነህ።"

"ድሃ ከዚህ ሌላ ምን አለው ጃለሌ?" አላት። ፍቅሬ ሲላት ሁልጊዜም በአባቱ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ማለት ያፍር ነበር።

ሞተሩ ሲነሣ መሬቱ እግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ደስ አላት፤ ደስታዋም አስፈራት።

*

እሑድ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ እማዋይሽ አረፉ። ጨለለቂ ዋናው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ግማሹን ነቀምቴ በእጃቸው ያዋለዱ ሴት ናቸው። ከተማው ነቅሎ ልቅሶ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግን ዋዜማውን ከጊምቢ ደርሰው ቀኛዝማች ቤት አድረዋልና ተመለሱ አይባሉም። ቀኛዝማች "አብረን ቀብረን እንመለስ፤ ጉዳያችንን ከቀብር መልስ እንጨርሰዋለን" ብለው ይዘዋቸው ሄዱ።

ምንትዋብም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትወጣ ስትል ወይዘሮ ሸዋጌጥ በሩ ላይ ቆሙባት።

"ወዴት?"

"እማዋይሽን ልሸኝ ነዋ! እኔንም እኮ ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው።"

"ነፍሳቸውን ይማር፤ ሽማግሌ የሚጠብቃት ልጅ ግን ሬሳ አትሸኝም። እኛ ዘንድ ምልኪው ክፉ ነው። ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ለነገሩ ክላክሱን ለመስማት ከቤት የተሻለ ቦታ የለም ብላ ራሷን አጽናናች። ነፋሱ ከጨለለቂ በኩል ነበርና የሚመጣው ድምፅ ሁሉ ይሰማል። የአልቃሾቹ ዜማ ተሰማ፣ ደረት ሲደቃ ተሰማ፣ ቀጥሎ ካህናቱ ተሰሙ። ክላክስ የለም። ልቅሶው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየራቀ ሄደ፤ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። ክላክስ የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሐሳቧ ዴዴሳ ወረደች። ተሳቢው ከብዶ የፊተኛውን ሲገፋው፣ ፍሬኑ ሲከዳ፣ ያ የሰፋችው የወንበር ልብስ ገደል ውስጥ ተቀድዶ ታያት። ሞቶ ቢሆንስ? ቢሞት እንኳ ማን መጥቶ ያረዳታል? እህቱ አይደለች፣ ሚስቱ አይደለች፣ በአጥር ቀዳዳ የምታወራ የሰው ልጅ ናት። ለእሱ ጮኻ የማልቀስ መብት እንኳ የላትም። ይህን ስታስብ አለቀሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ንዴቱ መጣባት፤ "የወደቀ ሰው አትጠብቂ" ያለው አነጋገሩ፣ ፈርዶባት የሄደው ነገር። እንግዲያውስ አልጠብቅህም! ካልሞትክም ሙት! አለች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ቀኛዝማችና እንግዶቹ ከቀብር ተመለሱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ወደ ጓዳ መጡ።

"በይ ልጄ። እየጠበቁ ነው።"

"ትንሽ ይቆዩ፣ አክስቴ።"

"ምን እስኪመጣ?"

ምን እስኪመጣ ነው ብላ ትንገራቸው? ለመጨረሻ ጊዜ ጆሮዋን ሰጠች። ውጭ ውሻ ይጮኻል፤ የጎረቤት ሴት ልጇን ትጣራለች። ሌላ ምንም የለም።

"እሺ በሏቸው" አለች ምንትዋብ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ቀኛዝማች ተነሥተው ካባቸውን አስተካክለው "ልጄን ምንትዋብን ለልጃችሁ ለተክለጻድቅ ሰጥቻለሁ፤ ንጉሥ ይሙት!" አሉ። ሽማግሌዎቹም "ይሙት!" ብለው ተቀበሉ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ሰፈሩ ሐዘን ነውና እልልታቸውን በነጠላቸው አፍነው አሰሙ። ምንትዋብ ያን የታፈነ እልልታ ስትሰማ ለማን እንደሚለቀስ ለጊዜው ግራ ገባት።

*

ራት ቀረበ። ሙሽሪት ራሷ ጠጅ ትቅዳ ተባለና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ገባች። አባቷ ደስ ብሏቸዋል። ደስ ሲላቸው ወሬ ይወዳሉ።

"አቶ ተካ" አሉ ለሽማግሌዎቹ አለቃ፣ "ዛሬ ቀብሩ ላይ ያንን ልጅ አየኸው?"

"የትኛውን?"

"ያንን ትልቅ መኪና ይዞ የቆመውን! ጓሮዬን ያጸዳልኝ የኡኬ ልጅ እኮ ነው። የሳቅሁበት! ያንን የጣሊያን ሬሳ አስነሥቶ፣ ተሳቢውን እስከ አፉ ቡና ጭኖ፣ ዴዴሳን አልፎ መጣ። ሌላ ቢሆን በዚያ ሰዓት አገር ይያዝልኝ ይላል። እሱ ሬሳውን ገና በሩቅ ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።"

ምንትዋብ የአቶ ተካን ብርሌ እየቀዳች ነበር።

"ረዳቱ፣ ባቻ ነው መሰለኝ ስሙ፣ ክላክሱን ሊነፋ ገመዱን ሲይዝ እጁን ቀጨም አደረገው። 'ዺሲ! ተው! አዴ እማዋይሽ ናቸው የሚያልፉት!' ብሎ ሲቆጣው በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ከለቀስተኛው ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በእግሩ ሸኘ። እኛ ጸረ ማርያም የምንለው ልጅ!"

"ጨዋ ያሳደገው ነው" አሉ አቶ ተካ።

"ምን ጨዋ ብቻ! እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ደጄ ላይ ሽማግሌ ቢያቆም ሃይማኖቱንም ዘሩንም አልጠይቅም ነበር፣ አልሁ በሆዴ።" ብለው ቀኛዝማች ከልባቸው ሳቁ። ከሰጡ በኋላ ለጋስ መሆን ምን ይከብዳል? በር ከተዘጋ በኋላ "ግባ" የሚል ደግ ሰው በዚህ አገር ሞልቷል።

ብርሌው ሞላ። ምንትዋብ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች፣ ወደሚቀጥለው ሽማግሌ ዞረች፣ ቀዳች፣ ደግሞም ወደሚቀጥለው። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። አባቷ "ጎበዝ!" አሏት። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

*

በማግሥቱ ማለዳ አጥሩ ሥር ስትደርስ መኪናው ጨለለቂ አድሮ ገና መግባቱ ነው፤ እዚያ ቆሟል። የፊተኛው አጭርና ደረተ ሰፊ፣ ተሳቢው ከኋላው ረጅም፣ ላዩ ላይ የቡናው ጆንያ በገመድ ተጠፍሮ። ካቢናው ጣራ ላይ የነሐሱ ክላክስ ያብረቀርቃል። ተረፋ የዴዴሳ አቧራ ከቅንድቡ ሳይራገፍ እየሳቀ መጣ።

"አየሽው አይደል? አየሽው? ኩርባው ላይ እንዴት እንደታጠፈልኝ ብነግርሽ!"

ምንትዋብ ዓይኗን ከክላክሱ ላይ አላነሣችም።

"ክላክሱን እንዳልነፋሁት አውቃለሁ። ግን ሁላችሁም ቀብር ወጥታችሁ የለም? አባትሽን አየሁ፤ አንቺም ከሴቶቹ መሃል አለሽ፣ መኪናውን አይተሽዋል ብዬ ተረጋጋሁ። ሽማግሌዎቼን እነ ኦቦ ሞረዳን ከሰልስቱ ማግሥት ቀጥሬያቸዋለሁ።"

"ሽማግሌ የሚጠብቃት ልጅ ሬሳ አትሸኝም።"

"እንዴት? እኛ ዘንድ ሁሉም ይወጣል! እንኳን ሽማግሌ ሠርግም ቢሆን ሞት ሲመጣ ይቆማል። እናንተም የምታስተላልፉት መስሎኝ..." ፊቷን አየ። "ምንትዋብ፣ ምን አልሻቸው?"

"ክላክስ ካልሰማሁ ምን በይ ነበር ያልከኝ?"

ተረፋ የመኪናውን ጎማ ተደግፎ ቆመ። ከአቧራው ሥር ፊቱ አመድ መሰለ።

"አንዴ!" አለች፤ ድምፅዋን መያዝ አቃታት። "ሦስቱ ይቅር፣ አንዴ ብቻ ብትነካው ምን ነበረበት?"

"በአዴ እማዋይሽ ሬሳ ላይ?"

"እሳቸው ሞተዋል! አይሰሙም ነበር! የምሰማው እኔ ነበርኩ!"

"ከተማው ይሰማል" አለ ተረፋ፣ ቀስ ብሎ። "አንቺ ይህን አታውቂውም። የናንተ ልጅ ሬሳ ላይ ክላክስ ቢነፋ 'ባለጌ ነው' ተብሎ በነጋታው ይረሳለታል። እኔ ብነፋ 'ድሮስ ከጋላ፣ ድሮስ ከጸረ ማርያም ምን ይጠበቃል' ይባላል፤ አባቴም እናቴም ኡኬም ነው የሚሰደበው። አባትሽ ፊት ባለጌ ሆኜ አንቺን የምጠይቀው በየትኛው ፊቴ ነው? ለአንቺ ብዬ ነው ጨዋ የሆንኩት!"

"አባቴማ ትናንት ሲያመሰግንህ አመሸ። እንዲህ ያለ ልጅ ሽማግሌ ቢልክ ዘሩንም አልጠይቅ ነበር አለ። ይህን ያለው ንጉሥ ይሙት ብሎ ለሌላ ከሰጠኝ በኋላ ነው።" ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። "ክላክሱን ነፍተኸው ቢሆን አባዬ ባለጌ ይልህ ነበር። እኔ ግን ያንተ እሆን ነበር።"

ከአጥሩ ወዲህ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ስሟን ይጠራሉ። ምንትዋብ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወጣችና ፊቱ ቆመች። ያን ያህል ተቀራርበው ቆመው አያውቁም ነበር።

"ውሰደኝ" አለችው።

"ምን?"

"ያቺ ሦስተኛ ወንበር የማን ናት ብዬህ ነበር፤ አልመለስክልኝም። አሁን መልስልኝ። በሩን ክፈትና አስገባኝ። አዲስ አበባ እስክንደርስ ማንም አይደርስብንም።"

የተረፋ እጅ ወደ ካቢናው በር ሄደ። እጀታውን ያዘ። ምንትዋብ ያን እጅ ባየችበት ቅጽበት ዓለም በሙሉ የእሷ ነበረች። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

"አባትሽ በንጉሥ ምሏል። ብወስድሽ ሙግት የሚቆመው እሱ ነው፤ ሽበቱ ነው የሚዋረደው። ትናንት በሰው ፊት አክብሮኝ ዛሬ ልጁን ሰርቄበት... አልችልም ጃለሌ። እንደሱ አላሳደጉኝም።"

"እንግዲያው ምስጋናውን አግባው!" አለች ምንትዋብ። "ከእሱ ጋር ኑር! እኔን የገደለኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። አንተን ምን ብዬ ልርገምህ?"

ተረፋ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ከአባቷ በቀር አይታ አታውቅም፤ አባቷም ያለቀሱት እናቷን ሲቀብሩ ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ" አለችው በመጨረሻ። "ስትወጣ ንፋው። ሦስቱንም። ቃል የገባህልኝን አንዴ በጆሮዬ ልስማውና ከዚያ ልዳር።"

አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ።

ባቻ መጣ፤ ሞተሩ ተነሣ። ምንትዋብ በቀዳዳዋ ተመልሳ ገባችና አጥሩን ይዛ ቆመች። መኪናው እየተጎተተ ከባዶው ቦታ ወጣ፤ ተሳቢው ተከተለው፤ መታጠፊያው ላይ ተረፋ እንዳለው ያለ ችግር ታጠፈ። ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው በወይዘሮ እማዋይሽ ቤት ደጃፍ ነው። የልቅሶው ድንኳን እንደ ተተከለ ነበር።

ምንትዋብ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ልትሰማ ነው። አሁን ደረሰ። አሁን ገመዱን ይይዛል። አንዴ ቢነፋው፣ ያንን ሁሉ ድንኳንና ለቀስተኛ ለእሷ ሲል አንዴ ቢያስቀይም፣ ቀሪውን ዕድሜዋን ጊምቢ ተቀምጣ ይቅር ልትለው ዝግጁ ነበረች።

ድንኳኑ ፊት ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ። ሐዘንተኛውን እንዳይረብሽ ነዳጁን ቀንሶ፣ በእርጋታ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አለፈ። ከዚያ ዋናውን መንገድ ያዘና ዳገቱን ወጣ፤ ድምፁም እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ጠፋ።

የወይዘሮ እማዋይሽ ሰልስት ገና አልወጣም ነበር።

"ምንትዋብ! ኧረ ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከኋላዋ መጥተው።

"ምንም አክስቴ" አለች። "ክላክስ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።"